ፎርሙ ለምን አልሄደም? ለ«ስድስት ፈጣን መፍትሔዎች» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ደረሰኝ። ሦስቱም ድረ ገጽ የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለቱ እዚሁ ሀዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ። ርዕሱ «ፎርም አልላክ ሲል፦ ስድስት ፈጣን መፍትሔዎች» ይላል። ሁሉም «ጥሩ ናት፣ አስቀምጣት» ብለው ነው የላኩልኝ። አነበብኳት። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። ጸሐፊው ለጀማሪ አዝነው እንደጻፉም ያስታውቃል። ችግሩ፣ ከስድስቱ ምክሮች አምስቱን እኔ ራሴ በየተራ ሞክሬ በየተራ ተቀጥቼባቸዋለሁ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል። አንደኛ፣ ፎርም አልሄድ ሲል መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠርጥሩ፤ ካሽ (ብራውዘሩ ያስቀመጠውን የገጹን ቅጂ) አጽዱና ደግማችሁ ሞክሩ። ሁለተኛ፣ የሰብሚት (የመላኪያ) በተኑ ካስቸገረ ተራ በተን አድርጉትና ሲጫኑት ፎርሙን በኮድ ላኩት። ሦስተኛ፣ ስህተቱ የት እንዳለ ለማወቅ በየመስመሩ አለርት (መልእክት የያዘ ብቅ ባይ ሳጥን) አስገቡ። አራተኛ፣ ፎርሙ ሁለቴ እንዳይሄድ በተኑን ክሊክ እንደተደረገ አጥፉት (እንዳይጫን አድርጉት)። አምስተኛ፣ «ሪኳየርድ» (ሳጥኑ የግድ ይሞላ የሚለው) እና «ፓተርን» (ጽሑፉ እንዲህ ይሁን የሚለው) ሰውን ከማበሳጨት በቀር ስለማይጠቅሙ አንሷቸውና ፍተሻውን በጃቫስክሪፕት (ብራውዘሩ ውስጥ በሚሠራ ኮድ) ሥሩት፤ ሰርቨር (ዳታውን የሚቀበለው ኮምፒውተር) ላይ መድገም ጊዜ ማባከን ነው። ስድስተኛ፣ በፌች (ገጹ ሳይቀየር ዳታ በሚልክ የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን) ስትልኩ መልስ ከመጣ ዳታው ደርሷል፤ «በተሳካ ሁኔታ ተልኳል» በሉ።

በተራ ልሂድባቸው።

«መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠርጥሩ»

ይህ ምክር የሚጥመው ኔትወርክን ማማት ስለለመደብን ነው። እኔም ለምዶብኝ ነበር። ባለፈው ዓመት እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ማሠልጠኛ የመመዝገቢያ ፎርም ሠራሁ። በሁለተኛው ቀን ሬጅስትራሯ ደወለች። «ኢንጂነር፣ አንዳንዱ ይሄዳል፣ አንዳንዱ አይሄድም።» (ኢንጂነር አይደለሁም። ኮምፒውተር የነካ ሁሉ እዚህ ኢንጂነር ነው።) አንዱ ሄዶ አንዱ ሲቀር ደግሞ ከኔትወርክ በላይ ተጠርጣሪ የለም። «ኔትወርክ ይሆናል እህቴ፣ ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪ» አልኳት። በማግስቱ ደወለች። «ዛሬም ያው ነው እኮ!» በአራተኛው ቀን ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ከጠረጴዛው ወዲያ አንድ ወጣት መታወቂያውን ይዞ ቆሟል። የሱን ሞልቼ «መዝግብ» የሚለውን ተጫንኩ። ምንም የለም። ቀይ ጽሑፍ አልመጣም፣ የሚሽከረከር ነገር የለም፣ ገጹ ንቅንቅ አላለም። ኤፍ 12 ነክቼ ብራውዘሩ ለሰርቨሩ የሚልከው ጥያቄ ሁሉ የሚመዘገብበትን የኔትወርክ ሰሌዳ ከፈትኩና ደግሜ ተጫንኩ። አንድም መስመር አልተጻፈም። ጥያቄው ከብራውዘሩ አልወጣም ማለት ነው። ያልወጣ ነገር መንገድ ላይ ሊጠፋ አይችልም።

ኮንሶሉን (ብራውዘሩ ስህተቶችን የሚጽፍበትን ሰሌዳ) ስከፍት ቀይ መስመር እየጠበቀኝ ነበር። ክሮም በራሱ ቋንቋ «ያልተሟላ ሳጥን አለ፣ ግን ወደሱ ልወስድህ አልቻልኩም» ይላል። ጥፋቱ የኔ ነው። ፎርሙ «ሠራተኛ» ወይስ «ተማሪ» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪ ሲመረጥ «የአሠሪ ስም» የሚለው ሳጥን እንዲደበቅ አድርጌያለሁ። ሳጥኑ ግን ሪኳየርድ ነው። ከዓይን ተሰውሮም ግዴታነቱ አልቀረም። ብራውዘሩ «ይህን ሙላ» ብሎ ሊያሳይ ይፈልጋል፣ የሚያሳየው ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ሠራተኛው ሁሉ ያልፋል፣ ተማሪው ሁሉ ይቀራል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ ሳጥኑ ሲደበቅ «ዲስኤብልድ» (የጠፋ፣ የማይሠራ) ይሁን። የጠፋ ሳጥን አይፈተሽም፣ አይላክምም።

ስለዚህ ለጸሐፊው የምመልሰው፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጥያቄው ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» የሚለው ነው። የኔትወርክ ሰሌዳው ላይ መስመር ከሌለ ችግሩ ገጹ ውስጥ ነው። መስመር ካለ ቁጥሩን ያንብቡ። 404 ከሆነ አድራሻው ተሳስቷል። 405 ከሆነ አድራሻው አለ፣ የተላከበትን መንገድ ግን አይቀበልም። 413 ከሆነ ጭነቱ በዝቷል። 500 ከሆነ ሰርቨሩ ጋ ሂዱ። መስመሩ ቀይ ሆኖ ቁጥር ከሌለው ያኔ ኔትወርክን ማማት ይቻላል፤ ያኔም ቢሆን ጥያቄው ወደ ሌላ ዶሜይን የሚሄድ ከሆነ ብራውዘሩ ራሱ ከልክሎት ይሆናልና ኮንሶሉን ማየት ነው።

ካሽ ስለማጽዳቱ ግን እውነት አላቸው። አዲሱ ገጽ ከአሮጌ የጃቫስክሪፕት ፋይል ጋር ሲገናኝ ጉድ ይፈላል። እሱም ቢሆን የደንበኛውን ብራውዘር ጠራርጎ ከሁሉም አካውንት ማስወጣት አያስፈልገውም። ኔትወርክ ሰሌዳው ላይ ካሽ የሚያጠፋ ምልክት ማድረጊያ አለ። ሰሌዳው ክፍት እስካለ ድረስ ይሠራል።

«ተራ በተን አድርጉትና በኮድ ላኩት»

ከሁሉም የተከራከርኩት ከዚህኛው ጋር ነው።

ፎርም ከጃቫስክሪፕት በዕድሜ ይበልጣል። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ብቅ ሲል ፎርም ያለሱ እርዳታ ይላክ ነበር። የራሱ ሥርዓት አለው። በተኑ ይጫናል። ብራውዘሩ ሳጥኖቹን ይፈትሻል። ከተሟሉ «ሊላክ ነው» ብሎ የሰብሚት ኢቨንትን (ኮድ የሚሰማውን ማስታወቂያ) ያሰማል። ማንም ካልከለከለው ዳታውን ሰብስቦ ይልካል። የፎርሙን «ሰብሚት» ፈንክሽን በቀጥታ ከኮድ ስትጠሩ ግን ፍተሻውም ኢቨንቱም ይዘለላሉ። ባዶ ፎርም ያለ ከልካይ ይሄዳል። ኢቨንቱን ይጠብቅ የነበረው ኮዳችሁም ምንም ሳይሰማ ያልፈዋል።

እዚህ ላይ የጸሐፊው ሁለተኛ ምክር አምስተኛውን ይበላዋል። «ፍተሻውን በጃቫስክሪፕት ሥሩት» ይላሉ፤ የሰጡት ምሳሌ ፍተሻውን የሰብሚት ኢቨንት ላይ ያስራል። ሁለተኛው ምክር ደግሞ ያንኑ ኢቨንት እንዳይጠራ ያደርገዋል። ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ የተገበረ ሰው ፍተሻው ለምን እንደማይሠራ ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል።

ደግሞ ኢንተር አለ። ቅድም ያነሳኋት ሬጅስትራር ማውዝ አትነካም። ታብ፣ ስም፣ ታብ፣ ስልክ፣ ታብ፣ ኢንተር። በቀን ስንቱን እንደምትመዘግብ ላየ ሰው ግልጽ ነው። የሰብሚት በተን ካለ ኢንተር እሱን እንደተጫነ ይቆጠራል። በተኑን ተራ ስታደርጉትና ፎርሙ ከአንድ በላይ የጽሑፍ ሳጥን ሲኖረው ኢንተር ምንም አያደርግም። እሷም «ተበላሽቷል» ብላ ትደውላለች፤ እውነቷን ነው።

ሦስተኛ ወጥመድም አለ፤ ይህኛው ግማሽ ቀን በልቶብኛል። ለበተኑ በኤችቲኤምኤሉ (ገጹ በተጻፈበት ኮድ) ላይ ኔሙን (ዳታው የሚላክበትን ስም) ወይም አይዲውን (ገጹ ላይ የሚለይበትን ስም) «ሰብሚት» ብላችሁ ከሰየማችሁ፣ ኮዳችሁ «ፎርም ነጥብ ሰብሚት» ሲል የሚያገኘው ፈንክሽኑን ሳይሆን በተኑን ነው። የስም መመሳሰል ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ እንዳለ ዓይነት፣ ስትጠራ ያልፈለግከው ይነሳል። ኮንሶሉ «ሰብሚት ፈንክሽን አይደለም» ብሎ ይጮሃል። እናንተ ደግሞ «እንዴት አይደለም!» ብላችሁ መጽሐፍ ትገልጣላችሁ። የበተኑን ስም መቀየር ብቻ ነው።

የግድ ከኮድ መላክ ካለበት «ሪኩዌስት ሰብሚት» የሚባል ሌላ ፈንክሽን አለ። ይህኛው ሥርዓቱን ያከብራል፤ ይፈትሻል፣ ኢቨንቱንም ያሰማል። ክሮም ላይ ከ2019፣ ፋየርፎክስ ላይ ከ2020፣ ሳፋሪ ላይ ከ2022 ጀምሮ አለ፣ ሁሉም እ.ኤ.አ.። ከዚያ በቀር በተኑን ሰብሚት አድርጋችሁ ተዉት፤ ኮዳችሁን የበተኑ ክሊክ ላይ ሳይሆን የፎርሙ ሰብሚት ኢቨንት ላይ እሰሩት።

የዚህ ተገላቢጦሽም ያጋጥማል። ፎርም ውስጥ ያለ በተን ዓይነቱ ካልተጻፈ ሰብሚት ነው። የይለፍ ቃል የምታሳየው ትንሿ ዓይን፣ «ሌላ ስልክ ጨምር» የሚለው፣ ሁሉም ፎርሙን ይዘው ይሄዳሉ። «ገጹ ዝም ብሎ ራሱን ሪፍሬሽ ያደርጋል» ከተባላችሁ መጀመሪያ የበተኖቹን ዓይነት እዩ።

«በየመስመሩ አለርት አስገቡ»

እኔም ጀማሪ እያለሁ አድርጌዋለሁ፤ አላፍርበትም። ግን አለርት ገጹን ያስቆማል፣ ኦብጀክት (ብዙ ዳታ የያዘ ጥቅል) ሲሰጡት ውስጡን አያሳይም፣ አንዱን ረስቶ ደንበኛ ፊት «እዚህ ደርሷል 3» የሚል ሳጥን ማስወጣትም አለ። (ደርሶብኛል። «3ቱ ምንድን ነው?» ተባልኩ።)

ከሁሉ የሚብሰው አለርት ዋናውን ጉዳይ አለማሳየቱ ነው። በጣም የተለመደው ብልሽት እንዲህ ነው። ሰብሚት ኢቨንቱ ላይ ያሰራችሁት ኮድ ይጀምራል። ሦስተኛው መስመር ላይ የሌለ ሳጥን ፈልጎ ይሰበራል። ብራውዘሩን «አንተ አትላክ፣ እኔ እልካለሁ» የሚለው «ፕሪቬንት ዲፎልት» ደግሞ አሥረኛው መስመር ላይ ነው፤ አልተደረሰበትም። ብራውዘሩ ፎርሙን በድሮው መንገድ ይልካል፣ ገጹ ይቀየራል፣ ኮንሶሉም ከነስህተቱ ይጸዳል። የቀረ ማስረጃ ቢኖር አድራሻው ላይ ያለችው የጥያቄ ምልክትና ከሷ ኋላ የተደረደረው ዳታ ነው። የይለፍ ቃል እዚያ ውስጥ ካለ ብራውዘሩ ታሪክ ውስጥም ሰርቨሩ መዝገብ ውስጥም ቀረ ማለት ነው።

ኮንሶሉ ላይ ገጽ ሲቀየር መዝገቡን እንዳያጸዳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን አብሩ። «ፕሪቬንት ዲፎልት»ን የመጀመሪያው መስመር አድርጉት። ፎርሙ ምን ይዞ እንደሚሄድ ለማየት ደግሞ «ፎርም ዳታ» (የሳጥኖቹ ይዘት የሚሰበሰብበት ጥቅል) ሠርታችሁ ይዘቱን ኮንሶል ላይ ዘርግፉት። እዚያ ዝርዝር ላይ አንድ ሳጥን ከጎደለ ብዙ ጊዜ «ኔም» አልተሰጠውም። አይዲ ያለው፣ ኔም የሌለው ሳጥን አይላክም። ያልተመረጠ ቼክቦክስም «አይ» ብሎ አይላክም፣ ጭራሽ አይኖርም። ይህን ጸሐፊው አንድም ቦታ አላነሱትም፤ ስለ ፎርም ለጀማሪ ተጽፎ ኔም አለመነሳቱ ገርሞኛል።

«በተኑን ክሊክ እንደተደረገ አጥፉት»

ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ቦታው ስህተት። ክሊኩ ላይ በተኑን ካጠፋችሁት፣ ብራውዘሩ ክሊኩን ጨርሶ ፎርሙን ሊልክ ሲል በተኑ ጠፍቶ ያገኘዋል። የጠፋ በተን አይልክም። ክሮም ላይ ሞክሩት፤ በተኑ ይደበዝዛል፣ ፎርሙ እዚያው ይቀራል። ሁለቴ እንዳይሄድ የተደረገው አንዴም ሳይሄድ ይቀራል። ማጥፋቱን ወደ ሰብሚት ኢቨንቱ አዛውሩት። ሳጥኖቹን አብራችሁ አታጥፉ፤ ዳታው የሚሰበሰበው ከኢቨንቱ በኋላ ስለሆነ ባዶ እጁን ይሄዳል። መላኩ ካልተሳካም በተኑን መልሳችሁ አብሩት፣ አለዚያ ሰውየው የሞላውን ሁሉ ይዞ ይቆማል።

ሰው ተጭኖ ምላሽ ካላየ ይደግማል። ሊፍት ጋ ሁላችንም የምናደርገው ነው። በተኑን ብታጠፉትም ገጹን ሪፍሬሽ ያደርጋል፣ በሌላ ስልክ ይሞክራል። ስለዚህ መቆለፊያው ሰርቨር ላይም ይኑር። ፎርሙ ሲከፈት አንድ የማይደገም ቁጥር ደብቃችሁ ስጡት፤ ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ «ይህን ተቀብያለሁ» ይበል። ክፍያ ያለበት ፎርም ላይ ይህን ሳያደርጉ መተኛት ድፍረት ነው።

«ሪኳየርድና ፓተርን ሰውን ያበሳጫሉ»

ግማሹን እስማማለሁ። መጥፎ ፓተርን ከሌለው ይብሳል። እዚህ ከተማ ዞር ዞር ብዬ ያየኋቸውን ፎርሞች ልንገራችሁ።

የስልክ ሳጥኑ «በ09 ይጀምር» ይላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ስልክ የያዘ ሰው ስንት ነው? ባጃጅ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ የሳጥኑን ዓይነት «ነምበር» ያደርገዋል። ስልክ ቁጥር እኮ የሚደመር ነገር አይደለም! ሰው +251 ብሎ ሲጀምር ኮዱ የሚያገኘው ባዶ ነው፤ ወደ ቁጥር ሲቀየር ደግሞ ፊት ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። ለስልክ «ቴል» የሚባል ዓይነት አለ። ክፍተቱን፣ ሰረዙን፣ +251ን ተቀበሉና ኮዱ ራሱ ያስተካክል።

የስም ሳጥኑ የላቲን ፊደል ብቻ ይቀበላል። በአማርኛ ስሙን የጻፈ ሰው «ትክክለኛ ስም ያስገቡ» ይባላል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሰበብ የለም። እንዲያውም እኛ ጋ ላቲኑም ብቻውን አይበቃም። ሲዳምኛ በላቲን ሲጻፍ በቃል መካከል ጭረት (') ይገባል፤ ያንን ጭረት የማይቀበል ፓተርን ሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ላይ የሰውን ስም ስህተት ነው ይላል። «ማንኛውም ቋንቋ ፊደል» የሚል ምልክት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ፓተርን የሚጻፍበት ቋንቋ) ውስጥ አለ። እሱን ተጠቀሙ፣ ጭረትና ክፍተት ጨምሩበት፣ ተዉት።

የትውልድ ቀንም አለ። የብራውዘሩ የቀን መምረጫ ጳጉሜን አያውቅም። ሰው «2002» ብሎ በኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ኮዱ በፈረንጅ ያነበዋል፣ ልጁ በሰባትና ስምንት ዓመት ያድጋል። ከዚያ «18 የሞላው» የሚለው ፍተሻ ያልሞላውን ያሳልፋል። ከሳጥኑ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ስንት ጣጣ ያስቀራል።

እንግዲህ ብስጭቱ ያለው ሕጉ ላይ ነው። ሪኳየርድን ማንሳት አያድነውም፤ ያንኑ ሕግ በጃቫስክሪፕት ብትጽፉት ያው ሰው ይበሳጫል። ሰርቨር ላይ መድገም «ጊዜ ማባከን ነው» የሚለውን ግን ጭራሽ አልቀበልም። ኤፍ 12 ከፍቶ ሪኳየርድን ማጥፋት የአሥር ሰከንድ ሥራ ነው። ያለ ብራውዘር መላክም ይቻላል። የብራውዘሩ ፍተሻ ለሚሞላው ሰው ምቾት ነው፤ ዳታቤዙን የሚጠብቀው የሰርቨሩ ነው።

«መልስ ከመጣ ደርሷል»

አልደረሰም! ፌች «አልተሳካም» የሚለው መልስ ጭራሽ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሰርቨሩ 404 ብሎ ቢመልስ፣ 500 ብሎ ቢወድቅ፣ ለፌች መልስ መልስ ነው፤ መልስ ሲመጣ የሚሠራው «ዜን» የተባለው የኮዱ ክፍል ይቀጥላል። የጸሐፊውን ኮድ የተጠቀመ ገጽ ሰርቨሩ እየተቃጠለ በአረንጓዴ «በተሳካ ሁኔታ ተልኳል» ይላል። ተመዝጋቢው አመስግኖ ይሄዳል። ቀኑ ሲደርስ ስሙ የለም። አልሄድ ያለ ፎርም ቢያንስ ሐቀኛ ነው። የመልሱን «ኦኬ» የሚለውን አይታችሁ፣ እውነት ከሆነ ብቻ አመስግኑ።

አንድ ተያያዥ ነገር። በፌች ፋይል ስትልኩ ፎርም ዳታውን እንዳለ ስጡት፤ «ኮንቴንት ታይፕ» (የዳታው ዓይነት) ብላችሁ በእጃችሁ አትጻፉ። ብራውዘሩ ሲጽፈው ክፍሎቹን የሚለይ የድንበር ምልክት ይጨምርበታል። እናንተ ስትጽፉት ድንበሩ ይቀራል፣ ሰርቨሩ የቱ ስም የቱ ፎቶ እንደሆነ አይለይም።

ስለ ፋይል ካነሳሁ ጸሐፊው ያላነሱትን አንድ ጉዳይ ጨምሬ ላብቃ። ያው ማሠልጠኛ፣ ያችው ሬጅስትራር፣ ከወራት በኋላ ነው። ፎርሙ አሁን ፎቶና የትምህርት ማስረጃ ይቀበላል። አንድ ልጅ ሞልቶ ይልካል፣ ገጹ ተመልሶ «እባክዎ ስምዎን ያስገቡ» ይለዋል። አስገብቷል። በአማርኛ ጽፎ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ቀየረው። «እባክዎ ስምዎን ያስገቡ።» የአያቱን ስም ጨመረበት። «እባክዎ ስምዎን ያስገቡ።»

ስደርስ የኔትወርክ ሰሌዳውን ከፈትኩ። ጥያቄው ወጥቷል፣ 200 («ተሳክቷል») ተመልሷል፣ የላከው ውስጥ ስሙ ቁጭ ብሏል። የጭነቱን መጠን አየሁ፦ 11 ሜጋባይት። በስልክ የተነሳ ማስረጃ፣ በሁለት ገጽ። ሰርቨሩ ላይ ኮዴን የሚያሠራው ፒኤችፒ ሲጫን አንድ ጥያቄ በጠቅላላው ከ8 ሜጋባይት፣ አንድ ፋይል ደግሞ ከ2 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ጠቅላላው ሲያልፍ ፋይሉን ብቻ አይጥልም። የተላከው ሁሉ ባዶ ሆኖ ለኮዱ ይደርሰዋል፤ ስሙም፣ ስልኩም። የኔ ኮድ መጀመሪያ የሚፈትሸው ስምን ስለሆነ ባዶ አገኘና ልጁን ስሙን ጠየቀው። ገደቦቹን ሰርቨሩ ላይ ከፍ አደረግኩ። ሰው ፋይል ሲመርጥም ብራውዘሩ ላይ መጠኑን አይቶ «ይህ ፎቶ ትልቅ ነው» የሚል መስመር ጨመርኩ።

ይህን ሁሉ ስሠራ ልጁ ሊጠብቅ አልቻለም። ሬጅስትራሯ መሳቢያዋን ከፍታ የወረቀቱን ፎርም አወጣችለት። ስሙን ለአራተኛ ጊዜ ጻፈ።